ኢብን ጁበይር ረመዷንን የጾመበት የጣሊያን ዳርቻ

ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ አንዲት እናት መስጂዳችን በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ከእኛ ጋር በኮተቤ ያረጁ ሴት ናቸው፤ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ይቸረችራሉ። ልጃቸውንም እናውቀዋለን፤ አሊፍ ባ ታ ያስቆጠርነው እኛ ነን። ልጁ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገባ። ከዚያ ለወራት ድምፁ ጠፋ፤ እናትየውም ከሰውነት ተራ ወጥተው ነበር። አላህ ብሎለት ባሕሩን ተሻገረ።

«ሸይኻችን» አሉን፣ «ልጄ ትራፓኒ የምትባል አገር ነው ያለሁት ይለኛል። የጣሊያን አገር ናት አሉ፣ ባሕር ዳር። ለመሆኑ ረመዷን የሚታወቅበት አገር ነው? ጾሞ ያፈጠረ ሰው አይቶ ያውቃል ያ መሬት?»

ስሙን ስንሰማ ትንሽ ደንገጥ አልን። ደረሳ ሆነን ነሕው በምንቀራበት ዘመን፣ ሸይኻችን ራሳችን ሲዞርብን እንድናርፍበት የሚያስነብቡን አንድ ኪታብ ነበር፤ የኢብን ጁበይር ሪሕላ፣ ማለትም የጉዞ ማስታወሻው ነው። በኪታቡ መጨረሻ አካባቢ ኢጥራባንሽ የምትባል ከተማ አለች። ኢብን ጁበይር ከሐጅ ሲመለስ ዒድ አል-ፊጥርን ያከበረው እዚያ ነው። ኢጥራባንሽ የዛሬዋ ትራፓኒ ናት። በር ላይ ቆመን ለእናትየው የነገርናቸው ይህንኑ ብቻ ነበር። የቀረውን በዚህ ገጽ እንጨርሰው።

የጣሊያን ካርታ ቡት ጫማ ይመስላል። በጫማው አፍንጫ ፊት ያለችው ትልቅ ደሴት ሲሲሊ ናት። ሦስት ማዕዘን ሆና ወደ ምዕራብ የሾለው ጫፏ የትራፓኒ አውራጃ ነው። ከዚያ ጫፍ እስከ ቱኒዝያ ያለው ባሕር 150 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ከአዲስ አበባ ደሴ ከሚወስደን መንገድ ግማሹን አያህልም። ፓንቴሌሪያ የተባለችው ደሴት አስተዳደሯ የትራፓኒ ይሁን እንጂ ከሲሲሊ ይልቅ ለቱኒዝያ ትቀርባለች። እንግዲህ የጣሊያን አገር ተብሎ ሲጠራ ሮምና ሚላኖ ወደ ልባችን ይመጣሉ እንጂ፣ ይህ ክፍል በፊቱም በነፋሱም ወደ አፍሪካ የዞረ ነው።

ከተማዋ ወደ ባሕር በገባ ቀጭንና ቆልማማ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ስሟም ከጥንቱ ግሪክ ማጭድ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ኢብን ጁበይር ከሦስት በኩል ባሕር እንደከበባትና በየብስ የሚገባባት በአንድ ጠባብ በኩል ብቻ እንደሆነ ጽፏል። ከጀርባዋ ዛሬ ኤሪቼ የሚባለው ተራራ ተገትሯል፤ ዐረቦቹ ጀበል ሐሚድ ይሉት ነበር። ቁመቱ 750 ሜትር ያህል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ለምንኖር ለእኛ ለኮተቤዎች ኮረብታ ነው። ከባሕር ጠርዝ ድንገት ስለሚነሳ ግን፣ ለከተማዋ የየካ ተራራ ለእኛ እንደሆነው ያህል ነው፤ ጠዋት ጭጋግ ሲለብስ አናቱ ይጠፋል። ኢብን ጁበይር የተራራውን ምንጮች ብዛት አድንቆ ጽፏል።

ከከተማዋ ወደ ደቡብ ያለው ዳርቻ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ እስከ ማርሳላ ድረስ የጨው ኩሬዎች ተዘርግተውበታል። የባሕሩን ውሃ ጥልቀት በሌላቸው ኩሬዎች ከአንዱ ወደ አንዱ እያሻገሩ ፀሐይና ነፋስ እንዲያደርቁት ያደርጋሉ። በበጋ ጨው ሲረጋ ይዝቁትና ይከምሩታል፤ ክምሩንም ዝናብ እንዳያሟሟው በሸክላ ጡብ ያለብሱታል። ውሃውን ያነሱ የነበሩት የነፋስ ወፍጮዎች እስከ ዛሬ ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ1154 መጽሐፉን የጨረሰው ታላቁ የጂኦግራፊ ሊቅ አል-ኢድሪሲ ስለዚህች ከተማ ሲጽፍ ጨዋማዋን፣ በመረብ የሚጠመደውን ቱና የተባለ ትልቅ ዓሣና ከባሕሯ የሚወጣውን መርጃን አንስቷል። ከአፋር ምድር በግመል የሚመጣ አሞሌ ገንዘብ በነበረበት አገር ላደግን ለእኛ፣ አንድ ከተማ በጨው መኖሩ አይገርመንም።

ወደ መንገደኛው እንመለስ። ኢብን ጁበይር የአንደሉስ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1145 ቫሌንሲያ ተወልዶ በግራናዳ ገዢ ቤት ጸሐፊ ነበር። ስለ ሐጁ መነሻ ሲተረክ፣ ገዢው በአንድ ግብዣ ላይ አስገድዶ መጠጥ አጠጥቶት፣ ኋላ ተጸጽቶ በጠጣበት ጽዋ ልክ ወርቅ ሰጠው፤ እሱም ያንን ወርቅ ለተውበት መንገድ ስንቅ አደረገው ይባላል። እውነትም ይሁን ተረት ወግ ያለው ነገር ነው። መካ ላይ ከመንፈቅ በላይ ተቀምጦ ሐጁን ፈጸመ፤ ባግዳድንና ደማስቆን አየ፤ ከዚያ በመስቀል ጦረኞች እጅ ከነበረችው ከዐካ ወደብ በጄኖዋዎች መርከብ ተሳፈረ። ዘመኑ ሰላሑዲን ቁድስን ከማስመለሱ ሦስት ዓመት በፊት ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ዛጉዌዎች ነግሠዋል።

ነፋሱ እምቢ አለ። መንገዱ ሁለት ወር ሊሞላው ሲል ስንቅ አለቀ፤ በ580ኛው ዓመተ ሂጅራ በረመዷን የመጀመሪያ ቀናት በአንድ ሌሊት፣ በሲሲሊና በዋናው የጣሊያን ምድር መካከል ባለው ጠባብ ባሕር መርከቡ መሲና አጠገብ ተመታ። ሰው ሁሉ ተሰናብቶ ሞቱን ይጠብቅ ጀመር። ሲነጋ ትንንሽ ጀልባዎች ከዳር መጡ፤ ጀልበኞቹ ግን ሰው ለማውረድ ዋጋ ቆለሉ። ድሃ ሙስሊሞች የሚከፍሉት አጥተው መርከቡ ላይ ቀሩ።

የሲሲሊው ንጉሥ ዳግማዊ ጉልየልሞ በዚያን ቀን መሲና ነበር። ክርስቲያን ንጉሥ ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት ደሴቲቱን ከሙስሊሞች የወሰዱት የኖርማኖች ልጅ ነው። የተሰበረውን መርከብ ሊያይ ወጥቶ፣ በመርከቡ ላይ የቀሩት ሰዎች መክፈያ ያጡ ሙስሊሞች መሆናቸው ሲነገረው፣ 100 ሩባዒ የሚባል ወርቅ ከራሱ ሰጥቶ አስወረዳቸው። ኢብን ጁበይር ይህን ሲጽፍ የተደበላለቀ ስሜት ይነበብበታል። ንጉሡን ያመሰግናል፤ ወዲያው ደግሞ አላህ ሙስሊሞችን ከፈተናው እንዲጠብቃቸው ይለምናል። የደግ ሰው ደግነት ራሱ ፈተና ሊሆን እንደሚችል ያወቀ ሰው ነው።

የዚያ ቤተ መንግሥት ነገር ያስገርማል። ንጉሡ ዐረብኛ ያነባል፣ ይጽፋል። ወጥ ቤቱን የሚመራው ሙስሊም ነው፤ አሽከሮቹ አብዛኞቹ እምነታቸውን የሸሸጉ ሙስሊሞች ናቸው። ረመዷን ሲመጣ በፈቃዳቸው ይጾማሉ፤ ሶላት ሲደርስ አንዱ ሌላውን እየከለለ አንድ በአንድ ከንጉሡ ፊት ሹልክ ይላሉ። አንድ ጊዜ መሬት ሲንቀጠቀጥ ንጉሡ በግቢው ሲዞር፣ ሴቶቹም አሽከሮቹም አላህን ሲጠሩ ሰማቸው። እነሱ ሲያዩት ደነገጡ። እሱ ግን እያንዳንዱ የሚያመልከውን ይጥራ ብሎ አረጋጋቸው ይላል ኢብን ጁበይር። መሲና ላይ ያገኘው ዐብዱልመሲሕ የሚባል አንድ ትልቅ አሽከር ስለ መካና መዲና ሲጠይቀው ናፍቆት ያቃጥለው ነበር፤ እናንተ እስልምናችሁን በግልጽ ታሳያላችሁ፣ እኛ ደግሞ ደብቀን እንኖራለን ብሎ አዘነበት።

ከመሲና ወደ ምዕራብ በባሕርም በእግርም ተጓዙ። ፓሌርሞ ከመድረሳቸው በፊት ቀስር ሰዕድ በሚባል የጥንት ግንብ አንድ ሌሊት አደሩ። መስጂዱ በፋኖስ ደምቋል፤ ለተራዊህ የሚያሰግድ ኢማም አለው፤ አዛን ይሰማል። ከሁለት ወር የባሕር ስቃይ በኋላ አዛን ሲሰማ የተሰማውን ደስታ የጻፈበት ቦታ፣ ደረሳ ሆነን ስናነበው ዝም ብለን አልፈነው ነበር። አሁን በሃምሳዎቹ ዕድሜ ስንሆን፣ ልጆቻችንም አዛን በማይሰማበት አገር ሲበተኑ፣ እዚያ ላይ ቆም እንላለን።

ፓሌርሞ የገባው በገና ሰሞን ነው። የኪታቡን ቀናት ወደ አገራችን አቆጣጠር ስንመልስ አንድ ደስ የሚል ነገር አገኘን። ያኔ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ገና ስላልወጣ፣ የእነሱም የእኛ አገርም የገና በዓል የሚውለው በአንድ ቀን ነበር፤ ታኅሣሥ 29 ቀን 1177 ዓ.ም. ላይ። በዚያ ቀን የከተማዋ ክርስቲያን ሴቶች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ያያቸዋል። ሐሩን ለብሰው፣ ተሸፋፍነው፣ እጃቸውን ሒና ተቀብተው፤ አለባበሳቸውም ንግግራቸውም የሙስሊም ሴቶች እንደሆነ ይጽፋል። ወሎን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ከፓሌርሞ ወደ ትራፓኒ የሁለት ቀን መንገድ ነው። መንገዱ በእርሻና በመንደር መካከል ያልፋል። አልቀመህ፣ በዛሬ ስሟ አልካሞ፣ ገበያና መስጂዶች ያሏት ትልቅ መንደር ነበረች፤ ነዋሪዎቿና በዙሪያዋ ያሉት ገበሬዎች ሁሉ ሙስሊም እንደነበሩ ጽፏል። ቀጥሎ ፍል ውሃ ያለበት ምሽግ አገኙ፤ ከመሬት የሚፈላው ውሃ ሰውነት እስከማይችለው ድረስ ይተኩሳል። ወርደው ታጠቡበት። እኛም ፍልውሃችንን እያሰብን ይህችን ክፍል በደስታ እናነባለን።

ትራፓኒ የገቡት ረመዷን ሊጠናቀቅ ሲል ነው። ከዚያም የጨረቃ ነገር መጣ። ዛሬ በሸዕባን መጨረሻና በረመዷን መጨረሻ ስልካችን እስከ ሌሊት የማያርፈው በዘመናችን ክፋት ይመስለናል። ትራፓኒ ላይም ያው ነበር። ፓሌርሞ ከተማ ጾም የያዘችው ሐሙስ እንደነበረ ለትራፓኒው ሐኪም፣ ማለትም ለሙስሊሞቹ ዳኛ፣ በምስክር ተረጋገጠለት፤ ከዚያ ሐሙስ ተቆጥሮ ሠላሳው ሲሞላ ዒድ ሆነ። ቅዳሜ ቀን ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጥር 10 ቀን 1177 ዓ.ም.፣ የከተራ ዕለት መሆኑ ነው።

ኢብን ጁበይር ከተማ ውስጥ ከአንዱ መስጂድ፣ ወደ ሜዳ መውጣት ካልቻሉት ጋር ሰገደ። የቀረው ሕዝብ ግን ከዳኛው ጋር ወደ ሙሶላው ወጣ፤ ከበሮ እየመታ፣ መለከት እየነፋ። ሲመለሱም እንዲሁ። መንገደኛው ዓይኑን አላመነም። በክርስቲያን ንጉሥ ከተማ፣ ያውም የመስቀል ጦርነት ባልበረደበት ዘመን፣ ሙስሊሞች በከበሮ ወጥተው ሲገቡ ክርስቲያኖቹ እንዳላዩ ሲያልፏቸው ተደነቀ።

እዚህ ላይ ብናቆም ለበዓል ገጽ የሚሆን ቆንጆ ወግ ነበረን። ኪታቡ ግን እዚህ አያቆምም።

ኢብን ጁበይር ትራፓኒ ላይ ከሁለት ወር በላይ ተቀመጠ፤ ንጉሡ የጦር መርከቦቹን እያዘጋጀ ስለነበር ማንም መርከብ ከወደብ እንዳይወጣ ታግዶ ነበር። የቆየ እንግዳ ደግሞ የቤቱን ጓዳ ያያል። በከበሮ ዒድ የሚወጣው ያ ሕዝብ ጁሙዓ የለውም፤ ኹጥባ ተከልክሏል። ኹጥባ የሚሰማው በዒድ ብቻ ነው። እኛ ኢማሞች ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ጁሙዓ የሌለው ሕዝብ በየሳምንቱ ተገናኝቶ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ የማን ልጅ የት ደረሰ የሚባባልበት ቦታ የለውም ማለት ነው።

የሲሲሊ ሙስሊሞች አለቃ የነበሩት አቡል ቃሲም ኢብን ሐሙድ በዚያው ጊዜ ወደ ትራፓኒ መጥተው ነበር። ከነቢዩ ሰ.ዐ.ወ. ቤተሰብ የሚወለዱ፣ ሐጃጆችን የሚረዱ፣ ምርኮኛ የሚያስፈቱ ባለጸጋ ነበሩ። ከሰሜን አፍሪካው የሙወሒዶች መንግሥት ጋር ትጻጻፋለህ ተብለው ተከሰሱ፤ ከ30,000 ዲናር በላይ ተቀጡ፤ ቤትና ርስታቸው ተወሰደ። ንጉሡ በኋላ ምሕረት አድርጎ ወደ ሥራ መልሷቸዋል። እኚህ ሰው ለኢብን ጁበይር የነገሩት ነገር አጥንት ይሰብራል። እኔም ቤተሰቤም በባርነት ተሸጠን ከዚህ ኑሮ ብንወጣ በወደድን ነበር አሉት። የአንድ ደሴት ሙስሊሞች አለቃ ናቸው ይህን ያሉት።

ከሁሉ የባሰው ግን የልጆች ነገር ነው። አባት ልጁን ከተቆጣ፣ እናት ልጇን ከገሠጸች፣ ልጁ ተናድዶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሮጣል፤ ገብቶ ከተጠመቀ በኋላ ወላጅ የሚያገኝበት መንገድ የለም። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን እየፈሩ፣ እያባበሉ ይኖሩ ነበር። አንድ የትራፓኒ ሰው ልጁን ወደ ሐጃጆቹ ላከ። ለአካለ መጠን ለመድረስ የተቃረበች እህት አለችኝ፤ ከእናንተ አንዱ ያግባት ወይም ለወደደው ይዳራት፤ ብቻ ከዚህ ይዟት ይሂድ የሚል የአባቱን መልእክት አደረሰ። ልጅቷም አባቷንና ወንድሞቿን ትታ ለመሄድ ፈቀደች። ተስማሙ። ኢብን ጁበይርና ጓደኞቹ አንድ አባት በገዛ እጁ ልጁን ባሕር ለማሻገር ምን ያህል ቢቸግረው ነው ብለው ተከዙ።

ይህን ክፍል ከእናትየው ጥያቄ በኋላ ስናነብ ኪታቡን አጥፈን ቆየን። ከ840 ዓመት በፊት ትራፓኒ ላይ አንድ አባት ልጁን ላለማጣት ባሕር አሻግሮ ሰደደ። ዛሬ በዚያው ባሕር የእኛ ልጆች በጎማ ጀልባ ወደ ትራፓኒ ይሻገራሉ፤ እናት ደግሞ ኮተቤ ላይ ስልክ ይዛ ትቀመጣለች። አቅጣጫው ተገለበጠ እንጂ ባሕሩ ያው ነው።

ፍርድ ለመስጠት አንቸኩል። ሙስሊሞች ደሴቲቱን ያገኟት በዱዓ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ827 ከቱኒዝያ ተነስተው የወረዱት በዚሁ በትራፓኒ አውራጃ፣ ማዛራ በምትባለው ወደብ ነው፤ 10,000 እግረኛና 700 ፈረሰኛ እንደነበሩ ይተረካል። መሪያቸው የቀይረዋኑ ቃዲ አሰድ ኢብኑል ፉራት ነበሩ። መዲና ላይ ከኢማም ማሊክ፣ ዒራቅ ላይ ከሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን አሽ-ሸይባኒ የቀሩ፣ አል-አሰዲያ የተባለውን የፊቅህ ኪታብ ያዘጋጁ ዓሊም ናቸው። በሰባ ዓመታቸው ሰይፍ ታጥቀው ዘመቱ፤ በማግሥቱ ዓመት በሲራኩስ ከበባ ሞቱ። እኛ በኪታብ የምናውቃቸው ሰው የጦር አዛዥ ሆነው ማየት ዛሬም ይከብደናል። ደሴቲቱን ለመጠቅለል ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። ከዚያ ኖርማኖች ከሰሜን መጡ፤ ትራፓኒን በ1077፣ የመጨረሻዋን ከተማ ኖቶን በ1091 ወሰዱ። ያገኙትን ሕዝብ ግን አላጠፉትም፤ ገበሬውን፣ ጸሐፊውን፣ መሐንዲሱን አስቀሩ። አል-ኢድሪሲ መጽሐፉን የጻፈው ለኖርማኑ ንጉሥ ለሩጀር ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ከነጃሺ ጋር ያመሳስለዋል። እኛም በወጣትነታችን እንዲሁ እንል ነበር። ክርስቲያን ንጉሥ፣ በባሕር የመጡ ሙስሊሞች፣ መጠለያ፤ መልኩ ይመሳሰላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ነጃሺ የተሰደዱትን ሰዎች ቃል ሰምቶ፣ ከሳሾቻቸውን ከነስጦታቸው መለሰ። የሲሲሊው ደግነት የጸናው በአንድ ሰው ልብ ላይ ነበር። ጉልየልሞ በ1189 ሲሞት ፓሌርሞ ላይ ሙስሊሞች ተገደሉ፤ የተረፉት ወደ ተራራ ሸሹ፤ ሽፍትነትና አመጽ ሆነ። የልጅ ልጆቻቸውን ንጉሥ ፍሬደሪክ ከ1220ዎቹ ጀምሮ እየነቀለ በዋናው ጣሊያን ደቡብ ወደምትገኘው ሉቼራ አጋዛቸው። እዚያም ሁለት ትውልድ ያህል ጾሙ፣ ሰገዱ። እ.ኤ.አ. በ1300 ሌላ ንጉሥ ከተማቸውን አፈረሰና አብዛኞቹን በባርነት ሸጣቸው። አቡል ቃሲም ትራፓኒ ላይ በምሬት የተናገሩት ነገር በ115 ዓመት ዘግይቶ፣ እሳቸው ባላሰቡት መንገድ ደረሰ።

የቀረው ስም ነው። ማርሳላ የሚለው ስም የመጀመሪያ ግማሹ መርሳ፣ ወደብ ማለት ነው፤ ቀሪውን አንዱ ዓሊ ነው ይላል፣ ሌላው አላህ። ካላታፊሚ ቀልዓ የሚለውን ቃል ይዟል፤ ምሽግ ነው። ጊቤሊና ጀበል ከሚለው ቃል የመጣች ናት፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1968 የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራረሳትና ሕዝቧ ሌላ ቦታ ሰፈረ። ፓንቴሌሪያ ላይ ጋዲር፣ ካማ፣ ራካሊ የሚባሉ መንደሮች አሉ። የደሴቲቱ ጣፋጭ ወይን ዚቢቦ ይባላል፤ ዘቢብ ነው። ፋቪኛና በምትባለው ደሴት ቱና አጥማጆችን የሚመራው ሰው ራይስ ይባል ነበር። የብርቱካን አበባን ዛጋራ ይሉታል፤ ዘህር መሆኑን ዐረብኛ የቀራ ሁሉ ያውቀዋል። ምግባቸውም ኩስኩስ ነው፤ ቱኒዝያ በበግ የምትሠራውን እነሱ በዓሣ መረቅ ይሠሩታል። ሳን ቪቶ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ከ1998 ጀምሮ የኩስኩስ በዓል ታከብራለች።

ማዛራ ደግሞ ሌላ ወግ አላት። ቃዲ አሰድ በወረዱባት በዚያች ከተማ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቱኒዝያ ዓሣ አጥማጆች በጣሊያኖች መርከብ ሊሠሩ መጡ፤ ቤተሰባቸውንም አመጡ። ዛሬም በአሮጌው ሰፈር፣ ካዝባ በሚሉት ጠባብ መንገዶች መካከል ይኖራሉ። ሰይፍ ይዘው ሳይሆን መረብ ይዘው ነው የገቡት። አሁን በዚያ ዳርቻ ረመዷን ሲመጣ የሚያፈጥሩት እነሱ፣ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ወጣቶች፣ እንዲሁም እንደ እኛው ልጅ ያሉ ከዚህ የሄዱ ናቸው።

ትናንት ለእናትየው ይህን ሁሉ ስንነግራቸው የያዙት ከበሮውን ነው። «በከበሮ ወጡ?» እያሉ ደጋግመው ጠየቁን። ስለ ልጆቹ የጻፈውን አልነገርናቸውም፤ አላህ ይቅር ይበለን። ልጃቸው በመኸር ካስቴልቬትራኖ አካባቢ ወይራ ይለቅማል፤ አሁን ሥራው ቀዝቅዟል፤ ከአንድ ሴኔጋላዊ ጋር ክፍል ይጋራል። ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁን። እዚህ ኮተቤ መካ በሰሜን ናት፤ ስንሰግድ ፊታችንን ወደ እንጦጦ ጋራ እንሰጣለን። እዚያ ግን ወደ ፀሐይ መውጫ ዞሮ ትንሽ ወደ ቀኝ ማለት ነው። በእጃችን አሳየናቸው። «ታዲያ ወደኛ በኩል አይደል?» አሉ። በካርታው ያው ነው፤ ከመካ ጥቂት ወደ ቀኝ ቢያዘነብል እኛን ያገኘናል።

ከዚያ ያስጨነቃቸውን ዋና ነገር አወጡት፤ ለሱሑር ማን ይቀሰቅሰዋል? ስልኩ እንደሚጮህለት ነገርናቸው። ስልክ መጮኹ መቀስቀስ አይደለም አሉን። ልጃቸው ሲያንቀላፋ እግሩን ካልጎተቱት የማይነሳ እንደነበረ እኛም እናስታውሳለን፤ ሱብሒ ላይ ስንት ቀን አርፍዶብናል። ሰዓቱን አሰላንላቸው። እኛ ጋ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን እዚያ ገና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ዛሬ ጠዋት ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ስናልፍ ሽንኩርታቸውን ዘርግተው፣ ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ይጮኻሉ፤ «ተነስ! ተነስ እንጂ! ውሃ ጠጣ!»